በጠራ ውኃ ውስጥ የሞተው ዓሣ፦ ስለ አኳሪየም ማጣሪያ አመራረጥ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ልብሱን በሚያጥብበትና ዘመድ በሚጠይቅበት ሰዓት፣ ስለ ዓሣ ማጣሪያ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ዓሣ የሚያሳድግ ሰው በሰፈሩ ብቻውን እንደ ሆነ ይሰማዋል፤ ዛሬ ግን ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ አያለሁ።

የምጀምረው ከደረሰብኝ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ገንዳዬን ያሠራሁት መስታወት ከሚቆርጥ ባለሙያ ነበር፤ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር። ሁለት ጎልድፊሾች፣ ከውኃው ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ባለ ሞተር ማጣሪያና አንድ መብራት ገዛሁ። አምስት ወር ያህል ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። የፋሲካ ሰሞን ቤቱ ሲጸዳ እኔም የበኩሌን ላድርግ ብዬ የማጣሪያውን ስፖንጅ አወጣሁ። ቡናማ ሆኗል፤ ሲነኩት ያሙለጨልጫል። ቧንቧ ከፍቼ፣ እየጨመቅሁ፣ ነጭ እስኪሆን ድረስ አጠብሁት። ጠጠሩንም እንዲሁ። ውኃውንም በሙሉ ቀየርሁ። ገንዳው እንደዚያ አምሮ አያውቅም ነበር፤ ከውኃው በስተጀርባ ያለ ጋዜጣ ይነበብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ ያንቀሳቅሱ ጀመር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቀዩ ዓሣ ከጠጠሩ ላይ በጎኑ ተኝቶ አገኘነው። ያኔ ሰባት ዓመት የነበራት ልጄ ፊቷን መስታወቱ ላይ አስጠግታ፣ «አባዬ፣ ውኃው እንዲህ ጠርቶ ለምን ሞተ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ያገኘሁት ነው።

ዓሣ የሚበላው ምግብ በፕሮቲን የተሞላ ነው። ፕሮቲኑ በሰውነቱ ውስጥ ሲፈጭ አሞኒያ ይወጣዋል፤ ይህም አሞኒያ በአብዛኛው የሚወጣው ከጉንጩ ኋላ ባለው መተንፈሻው በኩል በቀጥታ ወደ ውኃው ነው። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብሱ ይጨምሩበታል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ በገንዳ ውስጥ በሚገኝበት መጠን ሽታውም አይታወቅም። በወንዝና በሐይቅ ውኃው ብዙ ስለ ሆነ ይሳሳል። በስድሳ ሊትር መስታወት ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም። ዓሣው በገዛ ሽንቱ ተከብቦ ይኖራል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ሥራ ያስፈታዋል፤ ደሙም ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ እየታፈነ ይሞታል። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ከሁለቱ እጅግ የዋህ ነው፤ ውኃውን በየሳምንቱ በከፊል በመቀየር ይወገዳል። ሩሲያዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ገደማ ዙሪክ ውስጥ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ካወጣ ወዲህ ነገሩ በሳይንስ የታወቀ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን ከዳር የሚያደርስ፣ ናይትሮስፓይራ ከሚባሉት ወገን የሆነ ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ፤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነበር። እኛ በሳሎናችን ጥግ የምናስቀምጠው ነገር የተመራማሪዎችን ዓይን የሚስብ ነገር ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ ሲዋኙ የሚኖሩ አይደሉም። የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ፤ በስፖንጅ፣ በጠጠር፣ በመስታወቱ ገጽ ላይ ተጣብቀው፣ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ሠርተው ይኖራሉ። እኔ በዚያ የፋሲካ ሰሞን «ቆሻሻ» ብዬ ያጠብሁት እነርሱን ነበር። የቧንቧው ክሎር ደግሞ የተረፉትን ጨረሰ። ክሎር ወደ ቧንቧችን የሚገባው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ የትኛው ወዳጅ፣ የትኛው ጠላት እንደ ሆነ አይለይም።

ስለዚህ ማጣሪያ ለመግዛት ሱቅ ስትገቡ ከሞተሩ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበት ቦታ ምን ያህል ነው? ኦክስጅን የሚደርሳቸው እንዴት ነው? መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናሉ? እኔ ሳጸዳውስ እነርሱን ሳልገድል ማጽዳት እችላለሁ? ሻጩ የሚነግራችሁ ስለ ዋቱና ስለ ሊትሩ ነው፤ በእርሱ አልፈርድም፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው እርሱ ብቻ ነው። ነገር ግን ዓሣውን በሕይወት የሚያቆዩት እነዚህ አራት ጥያቄዎች ናቸው።

ስለ ኦክስጅን ካነሳሁ አይቀር አንድ የእኛን አገር ጉዳይ ላንሳ። በመመሪያ ወረቀቶችና በኢንተርኔት የምናነበው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል የተጻፈው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟውም ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይሟሟል፤ በእኛ ከተማ ከ6.3 አይበልጥም። ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ከዚህም ያንሳል። ዓሣው ብቻ አይደለም ኦክስጅን የሚሻው፤ ባክቴሪያዎቹ አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ከ4 ግራም ተኩል በላይ ኦክስጅን ይፈጃሉ። እንግዲህ አንድ የአውሮፓ ወይም የእስያ ፋብሪካ «ይህ ማጣሪያ ለ100 ሊትር ይበቃል» ሲል፣ ያ አባባል እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው እንዳልተጻፈ አስቡ። የውኃውን ገጽ የማያነቃንቅ ማጣሪያ፣ የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ ለእኛ ጎደሎ ነው።

ገጹን አልሁ እንጂ አረፋውን አላልሁም። ብዙ ሰው ኦክስጅኑ ከአረፋው ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። ጥቂት ይገባል፤ አብዛኛው ግን የሚገባው አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ውኃውን ይዞ ስለሚወጣና ገጹን ስለሚያገላብጠው ነው። እሳት ላይ የተጣደ ሽሮ ሲንተከተክ ከሥር ያለው ወደ ላይ፣ ከላይ ያለው ወደ ታች እንደሚሄድ ማለት ነው። የተኛ ውኃ ከላዩ ብቻ አየር ያገኛል፤ ከሥሩ ይታፈናል።

አሁን ወደ ማጣሪያዎቹ ልምጣ። ከሁሉ የምወደውን፣ ብዙ ሰው ደግሞ የሚንቀውን ላስቀድም፤ በአየር ፓምፕ የሚሠራውን የስፖንጅ ማጣሪያ። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። ትንሽ የአየር ፓምፕ ከገንዳው ውጭ ይቀመጣል፤ በቀጭን ቱቦ አየር ይልካል፤ አየሩ በስፖንጁ መካከል ባለው ቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ውኃውን ይስባል፤ በቦታው ሌላ ውኃ በስፖንጁ ቀዳዳዎች አልፎ ይገባል። ውኃ ውስጥ የገባ ሞተር የለም፤ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሽቦ ውኃ ውስጥ የለም። ፓምፑ ከ3 እስከ 5 ዋት ቢፈጅ ነው። ገና የተፈለፈለ ትንሽ ዓሣ እንኳ አይስብም። ስፖንጁ በሙሉ የባክቴሪያ መኖሪያ ነው፤ አረፋውም የውኃውን ገጽ ያገላብጣል። ከላይ ካነሳኋቸው አራት ጥያቄዎች አራቱንም የሚመልስ፣ ከሱቁም ዕቃ ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ገንዳው ውስጥ ጥቁር ነገር ሆኖ ይታያል፤ ለዓይን አያምርም፤ ከፊቱ ተክል ወይም ድንጋይ አድርጎ መጋረድ ይቻላል። ፓምፑ ይጮኻል፤ በታጠፈ ጨርቅ ላይ ስታስቀምጡት ድምፁ ይቀንሳል። ውኃውን እንደ ብርጭቆ አያጠራውም፤ የደቀቀ ነገር ይቀራል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ ፓምፑ ከውኃው ገጽ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ወደ ኋላ ይሳብና ፓምፑን፣ ከዚያም ምንጣፋችሁን፣ ከዚያም የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ያገኛል። ወይ ፓምፑን ከገንዳው ከፍ አድርጉት፣ ወይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ትንሽ ቫልቭ ቱቦው ላይ ግጠሙ። ዋጋው ከአንድ ስኒ ማኪያቶ እምብዛም አይበልጥም፤ አትለፉት።

ከገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠለው ማጣሪያ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ውኃውን እንደ ፏፏቴ ወደ ገጹ ስለሚመልስ ለእኛ ከፍታ ይስማማል። የማልወድለት ከእርሱ ጋር የሚሸጠውን «በየወሩ ጣሉት፣ አዲስ ግዙ» የሚባለውን ካርቶሪጅ፣ ማለትም ተሠርቶ የሚመጣውን የማጣሪያ ሙሌት ነው። በየወሩ የባክቴሪያዎቻችሁን ቤት እየጣላችሁ ነው ማለት ነው። ካርቶሪጁን ትታችሁ ሳጥኑን በስፖንጅ ሙሉት። ከጠጠሩ ሥር የሚነጠፈው ማጣሪያ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል፤ ሲደፈን ግን ገንዳውን በሙሉ ማፍረስ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አልመክረውም። ውኃ ውስጥ የሚገባውና ሞተር ያለው፣ እኔ የጀመርሁበት ዓይነት፣ ስፖንጁ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የቴምር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ሞተሩ ኃይለኛ፣ ቤቱ ጠባብ።

ካኒስተር የሚባለውን ግን በዝርዝር ላውራበት፤ ምክንያቱም ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው። የታሸገ ባልዲ የመሰለ ነገር ነው፤ ከገንዳው ሥር ካቢኔ ውስጥ ይደበቃል፤ በአንድ ቱቦ ውኃ ይወስዳል፤ በውስጡ በተደረደሩ ስፖንጆችና የሸክላ ቀለበቶች መካከል አሳልፎ በሌላ ቱቦ ይመልሳል። ሰፊ ነው፤ ጸጥተኛ ነው፤ ውኃውን ያጠራዋል። መብራት በማይጠፋበት አገር ብኖር ለትልቅ ገንዳ እርሱን እመርጥ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ግን ምን እንደሚሆን አስቡት። ዕቃው የታሸገ ነው። ውስጡ ያለው ውኃ ቆመ። በውስጡ የታጨቁት እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ያለውን ኦክስጅን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ መሞት ይጀምራሉ፤ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ሌሎች ዓይነቶች ደግሞ ቦታውን ይይዛሉ፤ ውኃው ይገማል። መብራቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ ሞተሩ በራሱ ይነሣና ያንን የገማ ውኃ በአንድ ጊዜ ዓሣዎቹ ላይ ይለቀዋል። ጠዋት ስትነሡ የምታዩትን መናገር አልፈልግም። አንድ ወዳጄ ለዓመታት ያሳደጋቸውን ዓሣዎች በአንድ ሌሊት ያጣው እንዲህ ነው። በስፖንጅ ማጣሪያ ግን ባክቴሪያዎቹ ከዓሣዎቹ ጋር በአንድ ውኃ ውስጥ ናቸው፤ በዙሪያቸው ሃምሳ ስድሳ ሊትር ውኃ አለ፤ ፓምፑ ቢቆምም ቶሎ አይታፈኑም።

ካኒስተር ያላችሁ ጣሉት አልልም። መብራት ከጥቂት ሰዓታት በላይ ከጠፋ ሶኬቱን ንቀሉት፤ ሲመለስ ወዲያው አትሰኩት፤ ክፈቱት፤ ውስጡ ያለውን ውኃ ድፉት፤ ስፖንጆቹን ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ አለቅልቋቸው፤ ከዚያ አስነሡት። በተጨማሪም አንድ ትንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ ከጎኑ ይኑራችሁ። ለሁላችሁም የምመክረው ደግሞ በስልክ ፓወር ባንክ የምትሠራውን ትንሽ የአየር ፓምፕ ነው። የሚፈጀው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አንድ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ ሌሊቱን ያሳድራታል። እኔ ቤት ከሻማውና ከክብሪቱ ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጣለች።

ስለ ቁጥሩም ላውራ፤ በሩ ላይ አንድ ወጣት አስቁሞኝ፣ «ጋሼ፣ በሰዓት ስንት ሊትር የሚገፋ ልግዛ?» ብሎኛል። የተለመደው ስሌት ማጣሪያው በሰዓት ውስጥ የገንዳውን ውኃ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ያህል እንዲያዞረው ነው። የእኔ ገንዳ ሙሉ መጠኑ 63 ሊትር ነው፤ ጠጠሩና ድንጋዩ ሲገቡ፣ ከላይም ጥቂት ሲጎድል፣ ውኃው 50 ሊትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሊትር። ለጎልድፊሽ ከዚህ ከፍ ማድረግ ይገባል፤ ብዙ የሚበላና ብዙ የሚያቆሽሽ ዓሣ ነውና። ነገር ግን በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የተለካው ሞተሩ ባዶ ሆኖ፣ ውኃውን ሽቅብ ሳይገፋ ነው። ስፖንጅ ሲገባበት፣ ስፖንጁም ሲደፈን፣ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ካርቶኑን ከማመን ራሳችሁ ለኩት፤ የሁለት ሊትር ጆግ ከማጣሪያው አፍ ሥር ያዙና በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። በሠላሳ ሴኮንድ ከሞላ በሰዓት 240 ሊትር ነው። በየወሩ ብትለኩ ስፖንጁ የሚታጠብበትን ጊዜ ራሱ ይነግራችኋል።

በማጣሪያው ውስጥ ምን ይግባ? እዚህ ላይ ሰው ብዙ ገንዘብ ያባክናል። ጥሩ ስፖንጅ፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ፣ ብቻውን ይበቃል። ፍራሽ ቤት የሚሸጠውን ስፖንጅ ምን እንደ ተነከረበት ስለማይታወቅ አትጠቀሙ፤ የወጥ ቤቱንም አትንኩ፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ እንዲገድል ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የሸክላ ቀለበት መግዛት የሚፈልግ ይግዛ፤ ግን ከእግራችን ሥር የተሻለ ነገር አለን። በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ የሚቆፈረው፣ የመንገድ ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉት፣ ቀዳዳ ቀዳዳው የበዛ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ለባክቴሪያ መኖሪያነት እጅግ የተመቸ ነው። በሌላው ዓለም ዓሣ አሳዳጊዎች ይህን መሰል ድንጋይ በኪሎ ይገዙታል፤ እኛ ዘንድ ለቤት መሠረት ይደለደላል። አቧራው እስኪያልቅ እጠቡት፤ ቀቅሉት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ስላለበት የውኃውን ጠባይ ይለውጣል፤ ተዉት።

ከሰልን በተመለከተ አንድ ነገር። በማጣሪያ ውስጥ የሚገባው አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለውና ቡና የምናፈላበት ከሰል በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በልዩ አሠራር ውስጡ በእጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እርሱም ቢሆን ቀለም፣ ሽታና የመድኃኒት ቅሪት ያስወግዳል እንጂ አሞኒያን አያስወግድም፤ በጥቂት ሳምንታትም ይሞላል። በየቀኑ የሚያስፈልግ ነገር አይደለም።

ተክልም ማጣሪያ ነው። በየሳሎኑ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ የሚያድገውን ሐረግ ታውቁታላችሁ፤ ሥሩን ብቻ ገንዳው ውስጥ፣ ቅጠሉን ከውጭ አድርጉት፤ ናይትሬቱን እየመጠጠ ያድጋል። እምቦጭን ግን አደራ! ውኃ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በመምጠጥ የሚስተካከለው እምብዛም የለም፤ ጣናን የወረረውም በዚሁ ጉልበቱ ነው። ለማማር ብሎ ቤት የሚያስገባ፣ ሲሰለቸው ደግሞ ወንዝ ዳር የሚጥል አንድ ሰው ሌላ ሐይቅ ሊያጠፋ ይችላል። ዓሣውንም እንዲሁ፤ የሰለቻችሁን ጎልድፊሽ ለሚያሳድገው ሰው ስጡ እንጂ ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ።

ማጣሪያው ተመረጠ፤ ተገጠመ። አሁን ሁላችንም የምንቸኩልበት ቦታ ላይ ደርሰናል። አዲስ ምጣድ ገዝታችሁ በዚያው ቀን እንጀራ ትጋግሩበታላችሁ? መጀመሪያ ይሟሻል። ካልተሟሸ ሊጡ ይጣበቃል፤ እንጀራው ይቀዳደዳል። ማጣሪያም እንደዚያው መሟሸት አለበት። በአዲስ ስፖንጅ ላይ አንድም ባክቴሪያ የለም ማለት ይቻላል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ አዝጋሚ ናቸው፤ ሆድ የሚያሳምመው ኢ ኮላይ በተመቸው ቦታ በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆን፣ እነርሱ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስድባቸዋል። ለዚህ ነው ማሟሸቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጀው፤ በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ሳሎን ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ገንዳው ዓሣ ሳይገባበት ውኃ ብቻ ይዞ ማጣሪያው ይሠራል፤ በየሁለት ቀኑ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጣል ይደረግበታል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያዎቹ እርሱን እየበሉ ይባዛሉ። የመመርመሪያ ፈሳሽ ያለው ሰው አሞኒያውና ናይትራይቱ ወጥተው ሁለቱም ወደ ዜሮ ሲወርዱ ያያል፤ ያን ጊዜ ዓሣ ይገባል። በአንድ ጊዜ አሥር አይደለም፤ ሁለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሁለት።

አጭሩ መንገድ እርሾ ነው። ቤቷ እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤት እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ ጤነኛ ገንዳ ካለው ሰው የሠራ ስፖንጅ ውሰዱ፤ ከአዲሱ ጎን አስቀምጡት። ሳምንታቱ ወደ ቀናት ሊያጥሩ ይችላሉ።

ማጽዳቱን በአጭሩ ልበል። ስፖንጁ የሚለቀለቀው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፣ በባልዲ ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ በማድረግ ነው። ቡናማነቱ አይልቀቅ፤ ውኃ እንዲያሳልፍ ብቻ ነው የምንፈልገው። ሆኖም ችላ ማለትም አይገባም፤ ስፖንጁ የያዘው ኩስ ከዓይናችን ተሰወረ እንጂ ከውኃው አልወጣም፤ እዚያው እየበሰበሰ ነው። እኔ ሁለት ስፖንጆች አሉኝ፤ አንዱን በዚህ አሥራ አምስት ቀን፣ ሌላውን በሚቀጥለው። የምትጨምሩት አዲስ ውኃ ከለገዳዲም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ክሎር አለበት፤ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ክፍት ሆኖ አንድ ሙሉ ቀን ይደር። በጀሪካን ክዳኑ ተዘግቶ ያደረ ውኃ እንዳደረ አይቆጠርም። ውኃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ድፍርስ ውኃ ደግሞ ለዓሣ አትቅዱ።

አሁን ከመካከላችሁ የተነሡትን ጥያቄዎች ልመልስ። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣችው እህቴ፣ አዲስ አበባ ካለው ወንድሟ ጋር አንድ ዓይነት ማጣሪያ፣ አንድ ዓይነት ዓሣ ገዝታ፣ የእርሱ ደኅና ሲሆኑ የእርሷ በየጊዜው እንደሚሞቱባት ተናግራለች፤ የምትጠቀመውም የጉድጓድ ውኃ ነው። እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ ላይሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ጠባይ ያለው ነው። አሞኒያ ውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ እምብዛም የማይጎዳ፣ ሌላው መርዝ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒ ኤች የሚባለው የውኃው አሲድነት ወይም አልካላይንነት መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በላይ አልካላይን። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒ ኤች 7 ላይ መርዛማው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 8 ላይ ግን ከመቶ አምስት ያልፋል። ማለት፣ ያው አንድ ዓይነት ቆሻሻ በአንቺ ገንዳ ውስጥ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይመርዛል። የወንድምሽን ስሕተት ውኃው ይሸፍንለታል፤ ያንቺ አይሸፍንልሽም። ስለዚህ ማጣሪያሽን እጥፍ አድርጊው፤ ሁለት ስፖንጅ ይሁን፤ የዓሣውን ቁጥር በግማሽ ቀንሺ፤ ምግቡን በሁለት ደቂቃ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጪ። የቆሮሶ (የቲላፒያ) ዘር ይህን ውኃ ይወደዋል፤ ጎልድፊሽም ይችለዋል፤ ማጣሪያው ካልተሟሸ ግን ማንም አይችለውም።

እትዬ ከኋላ ሆነው የጠየቁት፣ ለልጅ ልጃቸው በክብ የመስታወት ሳህን አንድ ጎልድፊሽ መግዛት እንደሚፈልጉ ነው። እትዬ፣ ልጁን ስለሚወዱት ነው የምነግርዎት፤ ይተዉት። ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖር፣ ከአንድ ስንዝር በላይ የሚያድግ ዓሣ ነው። በዚያ ሳህን ውስጥ ማጣሪያ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ልጁም በወሩ የሞተ ዓሣ ያያል። በዚያው ገንዘብ ላይ ጥቂት ጨምረው ከመስታወት ቤት አራት ማዕዘን ያሠሩለት። ሲያሠሩ መስታወቱ የሚጣበቅበት ሲሊኮን ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት የሌለበት ይሁን ይበሉ፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል።

እርሾ ብዬ አውርቼ ባዶ እጄን አልመጣሁም። በሩ አጠገብ ባለው ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ፣ በፓወር ባንክ በሚሠራ ፓምፕ አየር እያገኙ፣ ለአንድ ዓመት ያህል በገንዳዬ የሠሩ ስድስት ስፖንጆች አሉ። ገንዳ ያላችሁና ገና ያልተሟሸላችሁ ብቻ ውሰዱ። ከባልዲው ውኃ ጋር በፌስታል አድርጉት፤ ውኃው ትንሽ፣ አየሩ ብዙ ይሁን። መንገድ ላይ ሻይ ለመጠጣት ሳትቆሙ በቀጥታ ወደ ቤት ውሰዱትና ዛሬውኑ ውኃ ውስጥ አስገቡት። እትዬ፣ የእርስዎን አስቀርቼዋለሁ፤ ገንዳው ሲያልቅ ይደውሉልኝ።